ራክ ቶምን ወደ ፍሎር ቶም መለወጥ፦ አራት መንገዶች በንጽጽር

ከቤዝ ድራሙ (በእግር ከሚመታው ትልቅ ድራም) በላይ ተንጠልጥሎ የሚመታው ቶም ራክ ቶም፣ በድራመሩ ቀኝ በኩል በሦስት እግሮቹ ወለል ላይ የሚቆመው ደግሞ ፍሎር ቶም ይባላል። በብዙ ድራመሮች ቤት የመጀመሪያው ተርፎ ሁለተኛው ይጎድላል። ባለ አምስት ክፍል ድራም ያለው ሰው ጠባብ መድረክ ሲያጋጥመው ግዙፉን 16 ኢንች ፍሎር ቶም ቤት ትቶ ከሁለቱ ራክ ቶሞች አንዱን ወደ ጎን ለማውረድ ያስባል። ያገለገለ ድራም የገዛ ወይም ከውጭ ያስመጣ ሌላ ሰው ደግሞ ፍሎር ቶሙ ሳይመጣለት ይቀራል። የሦስተኛው ሰው ስብስብ 10፣ 12 እና 14 ኢንች ሆኖ 14 ኢንቹም ጭምር እንዲንጠለጠል ተደርጎ የተሠራ ይሆናል። የሦስቱም ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ይህ ቶም ወለል ላይ የሚቆመው በምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ በራሴ ድራሞች ላይ ሦስት ጊዜ ገጥሞኛል፤ በአንደኛው አንድ ጥሩ ቀፎ (ቆዳው የሚወጠርበትን የቶሙን ክብ አካል) አበላሽቻለሁ፣ በሁለቱ ግን ዛሬም ድረስ የምጠቀምበት ውጤት አግኝቻለሁ። ከዚያ ተነሥቼ ለጀማሪም ሆነ ለነባር ድራመር የምመክረው፣ እግሩ በምን ይታሰር ከማለት በፊት የቶሙን ስፋትና ጥልቀት መለካት፣ ቀጥሎም የሚመረጠው መንገድ ነገ ሐሳብ ቢቀየር ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል መሆኑን መጠየቅ ነው። ስታንድ ይነሣል፣ ማቀፊያ ይፈታል፤ ቀፎ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ግን ቢደፈንም እንደ ነበረ አይሆንም።

ስፋቱ ይበቃል ወይ?

የቤተ ክርስቲያን ከበሮን በቅርብ ያየ ሰው የስፋትን ነገር ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ የአንዱ ከበሮ ሰፊ ፊት ወፍራም፣ ጠባቡ ፊት ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ቶምም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ቆዳውና ውጥረቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ የድምፁ ከፍታ ከስፋቱ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) ይወርዳል። በዚህ ስሌት 12 ኢንች ቶም ከ16 ኢንች ፍሎር ቶም ከዶ እስከ ፋ ያለውን ርቀት ያህል ከፍ ብሎ ይጮኻል፤ የ13 ኢንቹ ልዩነት ከዶ እስከ ሚ ለመድረስ ጥቂት የቀረው ነው፤ የ14 ኢንቹ ግን ከዶ እስከ ሬ ካለው ርቀት እምብዛም አያልፍም። እውነተኛ ቶም ሁለት ቆዳና በመካከላቸው የታፈነ አየር ስላለው ቁጥሩ በትክክል እንዲህ አይወጣም፤ ለመምረጥ ግን ይህ ግምት ይበቃል።

ልዩነቱን ቆዳውን በማላላት ማጥበብ ይቻላል። ችግሩ ውጥረት ከድምፅ ከፍታ ይልቅ በፍጥነት የሚቀንስ መሆኑ ነው። 14 ኢንቹን ወደ 16 ኢንቹ ድምፅ ለማውረድ ውጥረቱን በሩብ ያህል መቀነስ ይበቃል፤ 13 ኢንቹ ሲሶ ያህል ይፈልጋል፤ 12 ኢንቹ ግን ወደ ግማሽ የሚጠጋ ውጥረት ያጣል። እዚያ ደረጃ ላይ ዱላው አይነጥርም፣ ቆዳው ሪሙ (ቆዳውን ወጥሮ የሚይዘው ቀለበት) አካባቢ ይሸበሸባል፣ ከምቱ በኋላ ሊሰማ የሚገባው ረጅም ድምፅ ይጠፋና ካርቶን የተመታ ይመስላል። ስለዚህ 14 ኢንች ራክ ቶም ያለው ሰው ሳያመነታ ይቀጥል፤ 13 ኢንች ያለው ሰው ለትንሽ መድረክና ለለስላሳ ሙዚቃ የሚሆን ፍሎር ቶም እንደሚያገኝ ዐውቆ ይግባበት፤ 12 ኢንች ያለው ሰው ግን ከጎኑ የሚቆም ሁለተኛ ራክ ቶም እንጂ ፍሎር ቶም እንደማያገኝ አስቀድሞ ሊቀበለው ይገባል። በ12 ኢንች ላይ ቀዳዳ መብሳትን ከቶ አልመክርም።

ጥልቀት ከስፋት ያነሰ ሚና አለው። የተለመደው ፍሎር ቶም 14 በ14 ወይም 16 በ16 ኢንች ሲሆን፣ ራክ ቶሙ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ኢንች ጥልቀት አለው። ጥልቀት ማነሱ ድምፁን ቀጭን አያደርገውም፤ ይልቁንም የታችኛው ቆዳ ለምቱ ቶሎ ስለሚመልስ ድምፁ ፈጠን ይላል፣ አጠር ብሎም ይቆማል። ለፈጣን የችክችካ ምት ይህ እንዲያውም ይመቻል ብዬ አምናለሁ፤ ረጅምና ከባድ ድምፅ ለሚፈልግ ዘገምተኛ ዝማሬ ግን ጉድለቱ ይሰማል። አሜሪካዊው የጃዝ ድራመር ጂን ክሩፓና ድራም አምራቹ የስሊንገርላንድ ኩባንያ በ1930ዎቹ በሁለቱም ፊት በቡሎን የሚቃኘውን ቶም ከማስለመዳቸው በፊት፣ ከቻይና የመጡት ቶሞች ቆዳቸው በሚስማር የተመታ ስለነበር እንዲህ ያለ ማስተካከያ የሚታሰብ አልነበረም። ዛሬ ግን ራክ ቶሙ የታችኛውን ቆዳ መቃኘትን ጨምሮ ፍሎር ቶም ያለው ነገር ሁሉ አለው፤ የጎደለው እግር ብቻ ነው።

ከፍታውን አስቀድሞ መለካት

ወደ ንጽጽሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ቁጥር ያስፈልጋል። በድራም ወንበርዎ ላይ እንደ ወትሮው ይቀመጡ፣ ስኔሩን (በጉልበቶችዎ መካከል የሚቆመውን ድራም) በሚጫወቱበት ከፍታ ያቁሙት፣ ከዚያም ከወለሉ እስከ ስኔሩ ፊት ያለውን በሜትር ይለኩ። ፍሎር ቶሙ በዚህ ከፍታ ላይ ወይም ከዚህ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢቆም ክንድ አይደክምም። የእኔ ቁጥር 62 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ላይ የቶሙን ጥልቀት ሲቀንሱ የቶሙ ታች ከወለል ምን ያህል መነሣት እንዳለበት ያገኛሉ። 10 ኢንች ጥልቀት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ የእኔ ቶም ታች 37 ሳንቲ ሜትር ላይ መዋል አለበት። ከዚህ በታች የሚቀርቡት አራቱም መንገዶች በዚህ ቁጥር ይፈተናሉ፤ አንዳንዶቹም የሚወድቁት በድምፅ ሳይሆን በዚሁ ነው።

በስኔር ስታንድ ላይ ማስቀመጥ

ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅና ሙሉ በሙሉ የሚቀለበስ መንገድ ነው። ትርፍ የስኔር ስታንድ ካለ ቶሙን በሦስቱ ክንዶች ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ማንም ሰው ሌላውን መንገድ ከመምረጡ በፊት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይህን ሞክሮ፣ ቶሙ በዚያ ቦታ በእርግጥ ይጠቅመው እንደሆነ ቢያይ እወዳለሁ።

ድክመቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከፍታ ነው። የስኔር ስታንድ የተሠራው ጥልቀቱ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ ድራም ነው። የእኔ ስታንድ እስከ መጨረሻው ሲወርድ ክንዶቹ ከወለል 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማሉ፤ 8 ኢንች ጥልቀት ያለው ቶም እዚያ ላይ ሲቀመጥ ፊቱ 65 ላይ ስለሚውል ያስኬዳል፣ 10 ኢንቹ ግን 70 ይደርስና ትከሻ ያነሣል። ከወትሮው ዝቅ የሚሉ ስታንዶች ስላሉ፣ ሊገዙ ካሰቡ ሜትር ይዘው ይሂዱ። ሁለተኛው ድክመት የድምፅ ነው። ሦስቱ ክንዶች የታችኛውን ሪም ጨምቀው ሲይዙ ቀፎው እንዳይንቀጠቀጥ ያፍኑታል፣ ድምፁም ያጥራል። ለዚህ መድኃኒቱ ክንዶቹን አለማጥበቅ ነው፤ ቶሙ ተጨምቆ ሳይሆን ዐርፎ ይቀመጥ፣ በእያንዳንዱ ክንድ ጎማ ላይም የጣት ውፍረት ያለው የስፖንጅ ቁራጭ ቢደረግ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ጠንክሮ የሚመታ ሰው ግን ቶሙ ከላላ ክንድ ላይ እንዳይዘል ይጠንቀቅ።

ከሲምባል ስታንድ ማንጠልጠል

ራክ ቶሙ ቀድሞውኑ መንጠልጠያ አለው። ያንኑ መንጠልጠያ በአንድ ማቀፊያና በአንድ የቶም ክንድ አማካይነት ከራይድ ሲምባሉ (በቀኝ በኩል ከሚቆመው ትልቅ ሲምባል) ስታንድ ጋር ማሰር ይቻላል። ቀፎው አይነካም፣ ወለሉ ላይ ተጨማሪ እግር አይጨመርም፤ ሦስት በሁለት ሜትር በማትሞላ መድረክ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቶሙ በተፈለገ ጊዜ በቀላሉ ወደ ራክ ቶምነቱ ይመለሳል። በድምፅም ቢሆን፣ በቀፎው ላይ በቀጥታ ሳይሆን በመወጠሪያ ቡሎኖቹ በኩል የሚያንጠለጥለው ማቀፊያ ካለ፣ ከአራቱ መንገዶች ረጅሙን ድምፅ የሚሰጠው ይህ ነው።

ነገር ግን ስታንዱ ላይ እምነት መጣል የሚቻለው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። የስታንዱ እግር ድርብ ብረት ያለው መሆን አለበት፤ ነጠላ ብረት ያለው ቀላል ስታንድ ሲምባል ብቻ እንዲሸከም የተሠራ ነው። ከሦስቱ እግሮች አንዱ ደግሞ በትክክል በቶሙ ሥር መዘርጋት አለበት። ይህን ሁለተኛውን ነገር በአንድ የሠርግ ዝግጅት ላይ ችላ ብዬው፣ በሦስተኛው ዘፈን መካከል ስታንዱ ወደ እኔ ሲያዘነብል በግራ እጄ ደግፌ በቀኝ እጄ ብቻ ጨርሻለሁ። ሌላው ጉዳይ መንቀጥቀጥ ነው፤ ቶሙ ሲመታ ሲምባሉ ይወዛወዛል፣ ማይክ ሲደረግ ደግሞ የሲምባሉ ንዝረት በቶሙ ማይክ ውስጥ ይገባል። ለቀረጻ ይህን አልመርጥም። በተጨማሪም ቶሙን ዝቅ ለማድረግ ማቀፊያው በስታንዱ የታችኛው ወፍራም ቱቦ ላይ መታሰር ስላለበት፣ ማቀፊያው ያንን ውፍረት የሚያቅፍ መሆኑን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ቀፎ ሳይበሱ እግር መግጠም

በመወጠሪያ ቡሎኖቹ ወይም በሪሙ ላይ የሚታሰሩ የእግር መያዣዎች በሦስት ተሠርተው ይሸጣሉ። መያዣው ከቡሎኑ ራስ ሥር ገብቶ ይጠብቃል፣ እግሩ በመያዣው ቀዳዳ አልፎ በክንፋም ቡሎን ይቆለፋል። ቶሙ እውነተኛ ፍሎር ቶም ይመስላል፤ ስታንድ አይፈልግም፣ ቀዳዳም የለውም። 14 ኢንች ቶም ላለውና ዕቃውን በየሳምንቱ ከቦታ ቦታ ለሚያጓጉዝ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው፤ የራሴም 14 በ10 ቶም ከሦስት ዓመት በላይ የቆመው በዚሁ ነው።

እዚህ ላይ የቡሎኖቹ ብዛት ወሳኝ ይሆናል፤ መያዣዎቹ የሚታሰሩት ቡሎን ባለበት ብቻ ነውና። ስድስት ቡሎን ያለው ቶም አንድ እየዘለሉ ሲያስሩለት ሦስቱ እግሮች በእኩል ርቀት ይቆማሉ። ስምንት ቡሎን ባለው ቶም ላይ ሦስት እኩል ክፍል ስለማይወጣ ሁለት እግሮች ይቀራረባሉ፣ የቀረው ይርቃል። አንዳንድ ርካሽ ቶሞች ያላቸው አምስት ቡሎን ሲሆን በእነሱ ላይ መዛባቱ ይብሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ የተቀራረቡት ሁለት እግሮች ወደ ድራመሩ እንዲዞሩ ያድርጉ። ቶም የሚገለበጠው በጎረቤት እግሮች መካከል በሚሰመር መስመር ላይ ነው፤ እግሮቹ በተቀራረቡ ቁጥር ያ መስመር ከቶሙ መሐል ይርቃል፣ በዚያ አቅጣጫ መገልበጥም ይከብዳል። ምቱ የሚያርፈው ወደ ድራመሩ በሚቀርበው ግማሽ ላይ ስለሆነ ጥንካሬው የሚፈለገው እዚያ ነው።

ጉድለቱ ቅኝት ላይ ነው። የቶሙ ክብደት በሪሙና በሦስቱ ቡሎኖች ላይ ስለሚያርፍ፣ በምት ብዛት እነዚያ ቡሎኖች ከሌሎቹ ቀድመው ይላላሉ። እኔ ከእያንዳንዱ ዝግጅት በፊት ሦስቱን ብቻ በቁልፍ እፈትሻለሁ፤ ብዙ ጊዜ ከሩብ ዙር ያነሰ ማጥበቅ ይበቃቸዋል። ቆዳ ሲቀየርም መያዣዎቹ አብረው ስለሚፈቱ ሥራው ይረዝማል። ሪሙ ከወፍራም ቅልጥ ብረት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ለቀጭን ሪም የታሰበው መያዣ ላይገጥም ይችላልና፣ ከመግዛትዎ በፊት ሪሙን ይዘው ቢሄዱ ይሻላል።

ቀፎውን በስቶ እግር መግጠም

ፋብሪካ የሠራው ፍሎር ቶም የቆመው በዚህ ዘዴ ነው፤ በቀፎው ጎን በሁለት ሁለት ቡሎን የታሰሩ ሦስት መያዣዎችና ሦስት እግሮች። በጥንቃቄ ሲሠራ ከአራቱ መንገዶች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። መወጠሪያ ቡሎኖቹ ነጻ ስለሆኑ ቅኝት አይናጋም፣ ቆዳ ሲቀየርም ምንም አይፈታም። የሚመለስ ስላልሆነ ግን ቶሙ ሌላ ጥቅም የሌለው፣ ቢሸጥ ብዙ የማያወጣ፣ ወይም ቀድሞውኑ በሌላ ሰው የተበሳ ሊሆን ይገባል። አሮጌና ተፈላጊ ድራም ላይ የሚበሳ አንድ ቀዳዳ የዕቃውን ዋጋ ይጥላል። የአክሪሊክ ቀፎም በመሰርሰሪያ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ለባለሙያ መተው አለበት።

ዕቃውን ሲያሟሉ እግሩንና መያዣውን ከአንድ ቦታ ይግዙ። የእግር ብረት ውፍረት ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ በብዛት የሚገኙት 9.5፣ 10.5 እና 12.7 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ የአንዱ እግር በሌላው መያዣ ውስጥ ወይ አይገባም ወይ ይወዛወዛል። እግር ብቻ ጎድሎ ከሆነ ቶርኖ ቤት ልሙጥ ክብ ብረት በልኩ አስቆርጦ ጫፉን ወደ ውጭ ማስጎበጥ ይቻላል። የቤት መሥሪያ ፌሮ ግን አይሁን፤ ሸካራው ወገብ በመያዣው ውስጥ እኩል አይጨበጥም። ርዝመቱን አስቀድመው ያስሉ። በእኔ ቶም የታችኛው ጠርዝ 37 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፣ መያዣው ከዚያ በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ይውላል፣ መያዣው ጨብጦ የሚተርፍ 5 ሲጨመር 52 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ራክ ቶም ጥልቀቱ ስለሚያንስ ከእውነተኛው ፍሎር ቶም ይልቅ ረጅም እግር ከታች ይተርፈዋል፤ ስለዚህ ቀጭኑን 9.5 ሚሊ ሜትር ብረት ትቼ ወፍራሙን እመርጣለሁ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ልኬት አለ። እግሩ ከመያዣው ወርዶ የታችኛውን ሪም ሳይነካ ማለፍ አለበት። ሪሙ ከቀፎው ወደ ውጭ ይወጣል፤ መያዣው እግሩን ከቀፎው የሚያርቅበት መጠን ከዚያ ካነሰ እግሩ ሪሙ ላይ ይደገፋል፣ በእያንዳንዱ ምትም ይንጫጫል። መያዣውን በእጅዎ በቀፎው ላይ ይዘው፣ እግሩን አስገብተው፣ በእግሩና በሪሙ መካከል ብርሃን መታየቱን ሳያረጋግጡ መሰርሰሪያ አያንሡ።

ቦታውን ለመለየት ሜትር ሳይሆን ወረቀት ይጠቀሙ። ሁለቱንም ቆዳዎችና ሪሞች ካወለቁ በኋላ ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ በቀፎው ዙሪያ ይጠምጥሙና በትክክል በሚገናኝበት ይቁረጡት፤ ለ14 ኢንች ቶም ጥብጣቡ ከ110 ሳንቲ ሜትር አለፍ ይላል። ከዚያ ሦስት እኩል ቦታ ዐጥፈው መልሰው ሲጠመጥሙት ሁለቱ እጥፋቶችና እንደ ሦስተኛ እጥፋት የሚቆጠረው የጫፎቹ መገናኛ የእግሮቹን ቦታ ያሳያሉ። ጥብጣቡን ቀስ እያሉ በማዞር እጥፋቶቹ የመወጠሪያ መያዣዎችን፣ የአየር መተንፈሻውን ቀዳዳና የፋብሪካውን ምልክት የማይነኩበትን ቦታ ይፈልጉ። ስድስት መወጠሪያ ባለው ቶም ይህ ቀላል ነው፤ ስምንት ባለው ላይ ሦስቱም እጥፋቶች ክፍተት ላይ እንዲውሉ እስኪሆን ጥቂት ያስለፋል፣ አንዱን ጣት ያህል ማሸሽም ግድ ሊል ይችላል። ዕድል ከቀናዎት አንዱ መያዣ የቀድሞው መንጠልጠያ የነበረበትን ቀዳዳ ይሸፍናል።

ሲበሱ ቦታው ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፣ መያዣውን በላዩ ይዘው ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ያመልክቱ፣ ነጥቡን በሚስማር ጫፍ ጠቆም ያድርጉ። በመጀመሪያ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ ቀጥሎ በቡሎኑ ልክ ይብሱ። ከውስጥ በኩል የእንጨት ቁራጭ በቀፎው ጉብጠት ልክ ተሞርዶ በደንብ ተጭኖ መያዝ አለበት። ቀፎ ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው፤ ቸኩዬ ያለ ድጋፍ ስበሳ ፑንታው ሲወጣ ከውስጠኛው የእንጨት ገበር የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ገንጥሎ ጣለ፣ ስንጥቁም እስከ ጠርዙ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መሰርሰሪያውን ሳልጫን፣ በራሱ ክብደት እንዲወርድ እየተውኩት፣ ፑንታው ሊወጣ ሲቃረብ ደግሞ ይበልጥ እያዘገምኩ እበሳለሁ። ቀዳዳው ሲያልቅ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፣ ከውስጥ ሰፊ ሮንዴላ አድርገው ቡሎኑን ይሰሩ። ቡሎኑ እንጨቱ እስኪሰረጎድ ድረስ መጥበቅ የለበትም።

ፍሎር ቶም ከመግዛት ጋር ሲተያይ

ቀፎ የመብሳት ሙሉ ወጪ፣ ማለትም ሦስት መያዣ፣ ሦስት እግር፣ ቡሎንና ሮንዴላ፣ ምናልባትም የቶርኖ ቤት ክፍያ ሲደመር ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያገለገለ ነጠላ ፍሎር ቶም መኖሩን ይጠይቁ። ቀለሙ ላይገጥም ይችላል፤ ከሩቅ የሚያየው ተመልካች ግን ከቀለሙ ይልቅ ድምፁን ይሰማል። ባለ 12 ኢንች ቶም ሁሉ ወደዚህ መሄድ አለበት የሚል አቋም አለኝ። ባለ 14 ኢንቹ ግን ያለውን ዕቃ ቢጠቀም አይቆጭም።

ታዲያ ለማን የትኛው?

በቤተ ክርስቲያን ወይም በልምምድ ክፍል ውስጥ ድራሙ ሳይነሣ የሚኖር ከሆነ፣ ቶሙም 14 ኢንች ሆኖ የድርጅቱ እንጂ የግል ካልሆነ፣ ሳይበሳ የሚገጠመውን እግር እመክራለሁ፤ የጋራ ዕቃ ላይ ቀዳዳ ለመብሳት የሁሉም ፈቃድ ይፈልጋልና። ቅኝቱን የሚከታተል አንድ ኃላፊነት የወሰደ ሰው ከሌለ ግን ቡሎኖቹ ላልተው ይረሳሉ፤ እንዲህ ባለ ቦታ ፈቃዱ ከተገኘ መብሳቱ የተሻለ ይሆናል። በየምሽቱ በተለያየ ክበብ የሚጫወትና ዕቃውን በታክሲ የሚያመላልስ ሰው 13 ኢንቹን በዝቅተኛ የስኔር ስታንድ ቢያቆም ቶሙ ራሱ በትንሽ ቦርሳ ይገባለታል። ወለሉ በጣም ለጠበበበት ማንጠልጠል፣ ለቀረጻ ደግሞ በእግር የቆመ ማንኛውም ዓይነት ይሻላል። መብሳትን ሙሉ በሙሉ የምደግፈው ቶሙ የግል ሲሆን፣ 14 ኢንች ሲሆን፣ ባለቤቱም በስታንድ ሞክሮት በዚያ ቦታ እንደሚፈልገው ካረጋገጠ በኋላ ነው።

ቆዳውና ወለሉ

ቶሙ በየትኛውም መንገድ ይቁም፣ በራክ ቶምነቱ ዘመን የነበረውን ቆዳና ቅኝት ይዞ ፍሎር ቶም አይሆንም። ከላይ ባለ ሁለት ንጣፍ ቆዳ፣ ከታች ባለ አንድ ንጣፍ ቀጭን ቆዳ ያድርጉ። ወፍራሙ ቆዳ ክብደት ስላለው በተመሳሳይ ውጥረት ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ስለዚህ ከላይ የተነገረውን የማላላት ችግር ከፊሉን ያቃልላል። ሲቃኙ ሁሉንም ቡሎን በጣት ብቻ አጥብቀው፣ መሸብሸቡ እስኪጠፋ በቁልፍ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ፣ ከዚያ ያቁሙ። የታችኛውን ከላይኛው ጋር እኩል ሲያደርጉት ድምፁ ይረዝማል፤ ከፍ ሲያደርጉት ያጥራል። በጥልቀት ማነስ ምክንያት ድምፁ ለሚያጥረው ራክ ቶም እኩል ማድረጉን እመርጣለሁ።

እግር የተገጠመለት ቶም የሚቆምበት ወለልም ይሰማል። ሲሚንቶ ላይ ደርቆ የሚጮኸው ቶም ባዶ የእንጨት መድረክ ላይ ሲቆም ንዝረቱ በእግሮቹ ወርዶ መድረኩን ያስጮኻል፣ የራሱም ድምፅ ቶሎ ይሞታል። በእያንዳንዱ የእግር ጎማ ሥር ሁለት ጣት ውፍረት ያለው የስፖንጅ ቁራጭ ሲደረግ ድምፁ ሲረዝም በራስዎ ጆሮ ይሰሙታል፤ አንዱን እግር ብቻ በእጅዎ ከወለል ትንሽ አንሥተው ቢመቱት ልዩነቱን ስፖንጅ ሳይገዙም መፈተሽ ይችላሉ።

አዲስ ቆዳ በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚለጠጥ፣ የእግር መያዣዎችም ቦታቸውን ስለሚይዙ፣ ከሁለትና ከሦስት ልምምድ በኋላ ሁሉንም ቡሎን አንድ ጊዜ በቁልፍ ይዙሩት። ያወለቁትን መንጠልጠያ፣ ቡሎኖቹንና ሮንዴላዎቹን በአንድ ትንሽ ከረጢት ቋጥረው ከድራሙ ቁልፍ ጋር በአንድ ቦርሳ ያስቀምጡ፤ ቶሙ ተመልሶ ከቤዝ ድራሙ በላይ የሚወጣበት ቀን ሲመጣ የሚፈለጉት እነሱ ናቸው።